ከመስኮቱ ውጭ የተማርነው ፊዚክስ

እኔ የማስተምርበት የነቀምቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ላብራቶሪ አለው። ብዙ ትምህርት ቤት የሌለውን ነገር እኛ አለን፤ በዚህስ ማንም እንዲያማን አልፈልግም። ሌንሱ፣ ፔንዱለሙ፣ አሚተሩ፣ ቮልትሜትሩ፣ የሽቦው ጥቅል ሁሉ በየመደርደሪያው ተደርድሮ ተቀምጧል። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ግን በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ወረቀቱም እንደተለጠፈ ከረመ።

የመንግሥት ሥራ የማያውቅ ሰው ሊገርመው ስለሚችል ላስረዳ። እኛ ጋ ዕቃ ሁሉ በአንድ ሰው ስም ነው። ያ ሰው ፈርሞ ይረከባል፣ ሲለቅም ፈርሞ ያስረክባል። ሳያስረክብ ከሄደ ክፍሉ ይታሸጋል። ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ቆጠራ ተደርጎ፣ ሌላ ሰው በስሙ እስኪረከብ ድረስ ማንም ዝር አይልበትም። የእኛው ንብረት ያዥ በክረምቱ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ወደ ምዕራብ ወጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። እዚህ አገር ሁላችንም «ሁኔታው» እያልን የምናልፈው ነገር አለ፤ ሰውየውን ሁኔታው እዚያው አስቀረው። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ማኅተሙን የቀደደ ሰው፣ ከውስጥ አንድ አምፖል ቢጎድል ከደመወዙ ይቆረጥበታል፣ ከባሰም ይከሰሳል። ስለዚህ ቁልፉ እያለ በሩ አይከፈትም።

ልጄ ቤት ውስጥ አባዬ፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ እንደ ጓደኞቿ ቲቸር ትለኛለች። ሰነፍ አይደለችም። በባዮሎጂና በሒሳብ ማንንም አታስቀድምም። ፊዚክስ ላይ ግን የሆነ ነገር ይይዛታል። ነገር በእጇ ካልነካች አይገባትም፤ ከእናቷ የወረሰችው ይመስለኛል። እናቷ ገበያ አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ልጄም ከልጅነቷ ጀምሮ ጨርቁን በክንዷ እየለካች ነው ያደገችው። ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አድርጋ ምን እንደሆነ ትነግርሃለች። የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል ስታይ ግን ዓይኗ ይቅበዘበዛል፣ «ይህ በእውነት ምን ይመስላል?» ትለኛለች። በእውነት ምን እንደሚመስል ላሳያት የምችልበት ክፍል ታሽጓል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናው ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከግማሽ በታች ያመጣ ዩኒቨርሲቲ አይገባም፣ አለቀ። ከእኛ ትምህርት ቤት ያለፉትን ልጆች ሁሉ እስከነአባታቸው ስም ልጠራቸው እችላለሁ፤ ያን ያህል ጥቂት ናቸው። ልጄ ፋርማሲ ማጥናት ነው የምትፈልገው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሐሳቧን ቀይራ አታውቅም። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ያገኘን ሁሉ «የፊዚክስ አስተማሪ ልጅ አይደለሽ፣ አንቺ ምን ያሰጋሻል» ይላታል። እሷ ፈገግ ትላለች፣ እኔ አንጀቴ ያርራል።

ደጅ መጥናት ጀመርኩ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ላከኝ። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ንብረቱን የሚመለከተው ፋይናንስ ነው አለኝ። ፋይናንስ ያሉት ሰውዬ መቼም ትሑት ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ ሻይ አዘው፣ ንብረት ያዡ በሌለበት ቆጠራ ማድረግ የሚቻለው የጠፋ መሆኑ በደብዳቤ ሲረጋገጥ ነው አሉኝ። ሰውየው መጥፋቱን የሚያረጋግጠው ማን ነው ብል፣ የተወለደበት ወረዳ አሉኝ። የተወለደበት ወረዳ ደግሞ መንገዱ ከተዘጋበት ወዲያ ማዶ ነው። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። በር ላይ የቆሙት ጥበቃችን፣ ከእኔ በዕድሜ ስለሚበልጡ ሁላችንም ኦቦ፣ አቶ እንደማለት ነው፣ የምንላቸው፣ የሄድኩበትን ያውቃሉና ፊቴን አይተው «ባርሲሳ ኮ፣ ማል ጎና?» አሉኝ። አስተማሪዬ፣ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው እግዜር ይወቅ። መልስ ተፈልጎም አይጠየቅም።

መስኮቱ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ላብራቶሪው ምድር ላይ ነው፤ በስተጀርባው ጥጉ የተሰበረ ትልቅ መስታወት ያለው መስኮት አለ። መስኮቱ አልታሸገም። ማየት ደግሞ በማንም ስም አልተመዘገበም። ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉን ይዤ ወጣሁና ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አሰለፍኳቸው። እየተፈራረቁ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ይደግፋሉ፣ ብርሃኑን በእጃቸው ይከልላሉ፣ እኔ የባሕር ዛፍ ዘንግ ይዤ እጠቁማለሁ። «ሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሦስተኛ፣ ጥቁሩ። አያችሁት? አሚተር ማለት እሱ ነው። ከመስመሩ ጋር በተርታ ነው የሚገባው።» ከጉቴ በየቀኑ የሚመላለስ አንድ ልጅ ነበር፤ «ቲቸር፣ መካነ እንስሳት የመጣን መሰለኝ» አለና ሁሉንም አሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ሆድ ባሰኝ።

ይሁን እንጂ ለውጥ ነበረው። ልጄ አሚተሩን ካየች ወዲህ የአሚተር ጥያቄ አልተሳሳተችም። በየሳምንቱ ሐሙስ ወጣን። ዝናብ ሲጥል እየተጠጋጋን ቆምን። ያቃተን ቬርኒየር ካሊፐሩ ነው። ቬርኒየር ሁለት መስመር ያለው የብረት መለኪያ ነው። በትልቁ መስመር ሚሊሜትሩን፣ በላዩ በሚንሸራተተው ትንሽ መስመር ደግሞ ከሚሊሜትር በታች ያለውን ያነቡበታል። ዋናው ነገር፣ ከትንሹ መስመር ጭረቶች መካከል የትኛው ከትልቁ ጭረት ጋር ልክ ፊት ለፊት እንደገጠመ መለየት ነው። በየፈተናው ከሞላ ጎደል ይመጣል። የእኛው ቬርኒየር መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እጅ ቢዘረጋ የሚደረስበት ቦታ። ነገር ግን ያስቀመጠው ሰው ገልብጦ ነው ያስቀመጠው። ቁጥሩ ወደ ጠረጴዛው፣ ጀርባው ወደ እኛ። ዓመቱን ሙሉ ጀርባውን አየን።

ቬርኒየር ፍለጋ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ አንድ አለኝ ብሎ አወጣልኝ። በባትሪ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ቁጥሩን ራሱ ጽፎ ያሳያል። ለሥራ የሚመች ነው፣ ለፈተና ግን ምንም አይጠቅምም። በካርቶን ልሠራላቸው ሞከርኩ። በእጅ የተሰመረ ጭረት ደግሞ ልክ አይመጣም፤ ሁለት ቦታ ይገጥማል። «የቱን እናንብብ?» ሲሉኝ «አንድ ቦታ ነው መግጠም ያለበት፣ ካርቶኑ ነው የተበላሸው» እላቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር አድርጌ ሳልኩት። ልጄ ሥዕሉን እያየች በጣቶቿ አየር ላይ የሆነ ነገር ስታንሸራትት አይቻታለሁ።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ የእረፍት ሰዓት፣ ጥበቃው ኦቦ እየሮጡ መምህራን ክፍል ገቡ። ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ልጄ ከእናቷ ሱቅ የልብስ መስቀያ አምጥታ፣ ሽቦውን አቃንታ፣ በተሰበረው የመስታወት ጥግ በኩል አስገብታ ቬርኒየሩን ልትገለብጥ ስትሞክር ተያዘች። ስደርስ ሽቦውን ይዛ ቆማለች። ከአርጆ መጥታ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይታ የምትማረው ጓደኛዋ አጠገቧ ታለቅሳለች። ልጄ ግን አታለቅስም። «ተገልብጦ ነበር እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ቁጥሩን አየሁት፣ ጭረቶቹ በጣም ቀጫጭን ናቸው፣ ከዚያ ወደቀ።» ቬርኒየሩ ከጠረጴዛው ወድቆ ከሥሩ ገብቷል። አሁን ጀርባውም አይታይም።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ፈርቷል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ያሰኘህን ብትለው ወይ ፍንክች። «ተሰብሮ ቢሆንስ?» አለኝ።

«ከፍተን እንየዋ» አልኩት።

«አይከፈትም።»

«ታዲያ መሰበሩን በምን እናውቃለን?»

«ሲከፈት እናውቃለና።» ይህን ሲል አልሳቀም። ለእሷ የቃል፣ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠን። ሐሙስ ስንመጣ መስኮቱ በውጭ በኩል በቆርቆሮ ተመትቶ አገኘነው።

ያን ቀን የክፍሉን ተማሪዎች ወደ ውስጥ መልሼ ሰሌዳ ላይ ስስል ዋልኩ። ልጄ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች። ክፍል ውስጥ ስለሆንን አይዞሽ ልላት አልቻልኩም፣ እንደ ተማሪ ልቆጣትም አልቻልኩም። አስተማሪነቴም አባትነቴም አንድ ቀን ላይ አብረው ከዱኝ። ቤት ስንገባ «ይቅርታ፣ መስኮቱን አሳጣኋችሁ» አለችኝ። የሠራችው ሥራ እኔ ልሠራው የሚገባ መስሎ እየታየኝ፣ «እራትሽን ብይ» አልኳት።

ሰኔ ሲጋመስ የእናቷ ቤተ ክርስቲያን ተፈታኞችን ወደ ፊት ጠርቶ ጸለየላቸው። እያንዳንዱ እርሳሱን ከፍ አድርጎ ያዘ፤ ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ጸለዩ፣ ምእመኑ አሜን አለ። የእኔ ወላጆች በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው፤ እናቴ እስላም ናት። በዚያው ሳምንት የልጅ ልጇን አስጠርታ «የኔ አለም፣ አላህ ያግዝሽ፣ ያጠናሽውን አያስረሳሽ» ብላ ራሷን ዳበሰቻት። በሁለቱም በኩል ተጸለየልን ማለት ነው። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ቢሆንም እርሳሷን በሁለቱም ቦታ መያዟን አረጋግጫለሁ።

ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቹ ገብተው እዚያው ያድራሉ፤ ስልክ የለም፣ ጉብኝት የለም። ከየወረዳው በአውቶቡስ ፍራሽና ብርድ ልብሳቸውን ተሸክመው መጡ። የእኔ ልጅ ከቤታችን በእግር የሚደረስበት ቦታ ናት፣ ግን ልትታይ አትችልም። የፊዚክስ ፈተና ቀን እግሬ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። ብዙ ወላጅ ነበር። አንዲት ሴትዮ አስተማሪነቴን ሰምተው ተጠጉኝና «ወንድሜ፣ ምን ይመጣባቸው ይሆን?» አሉኝ። «አላውቅም እናቴ» አልኳቸው። ከሁሉም በላይ የማውቀው ትምህርት እዚያ ግቢ ውስጥ እየተጠየቀ፣ እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ዝናብ ሲጀምር ሁላችንም ወደ አንድ ሱቅ በረንዳ ተጠጋን።

ስትወጣ ከስታለች። ፍራሹን ተቀብያት ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። እኔ መጠየቅ አልፈለግኩም። በኋላ ራሷ «ቬርኒየር መጥቶ ነበር» አለች።

«እሺ?»

«ሥዕል ነው። ጭረቶቹ በጣም ይቀራረባሉ። ሁለት ቦታ የገጠመ መሰለኝ።» ትንሽ ተራምዳ «አንድ ቦታ ነው ብለኸን ነበር። ግን የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እዚያው ላይ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ሰዓቱ አለቀ፤ የመጨረሻዎቹን ሳላነብ አጠቆርኳቸው» አለችኝ። ካርቶኔ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ፍራሹን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርኩት።

ውጤት የተለቀቀ ቀን ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አዋለን። ማምሻውን ስልኩ ገጹን ከፈተ። ከግማሽ በታች። በጥቂት ነው የጎደላት። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የጎተታት ፊዚክስ ነው። ላብራቶሪው ቢከፈት ኖሮ ታልፍ ነበር ብዬ አልምልም። የሚምል ሰው ቢኖር ግን እሰማዋለሁ። ልጄ ስልኩን በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ደፍታ «አባዬ፣ አሰደብኩህ አይደል?» አለችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ። ልጄ ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። እናቷ ሁለታችንንም እያየች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

በግል ተፈታኝነት ደግማ ለመፈተን ወሰነች፤ እስከዚያው ሱቅ ውስጥ እናቷን እያገዘች ታጠናለች። ትምህርት ሲጀመር ሌላ ክፍል ተረከብኩ። አንድ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ጠራኝና፣ መንገዱ ተከፍቶ የወረዳው ደብዳቤ ደርሷል፣ ላብራቶሪው ይቆጠራል አለኝ። እኔ የኮሚቴው አባል ነኝ። ማኅተሙ ተቀደደ። ሌንስ ቆጠርን፣ ሽቦ ቆጠርን። ቬርኒየሩን ከጠረጴዛው ሥር አቧራ ውስጥ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጭረት እንኳ አልነካውም። ቃለ ጉባኤው ላይ አንድም ዕቃ አልጎደለም፣ አንድም አልተበላሸም ተብሎ ተጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ። ከዚያ ዕቃው በማን ስም ይያዝ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በእኔ ስም ተያዘ።

ልጄን ለአንድ ሰዓት ላስገባት ጠየቅኩ። «ዘንድሮ ተማሪያችን አይደለችም» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ለአንተ ልጅ ብፈቅድ ያምናው ተማሪ ሁሉ ነገ በር ላይ ይሰለፋል። ደሞ የሽቦውን ነገር ሰው አልረሳውም።» ያለው ሁሉ እውነት ነው። ቬርኒየሩን በኪሴ ይዤላት ልወጣም አስቤ ነበር። ጥበቃው ኦቦ በር ላይ የሁሉንም ቦርሳና ኪስ ይፈትሻሉ፣ የእኔንም። ቢያገኙብኝ እኔን ለማሳለፍ ብለው እንጀራቸውን ያጣሉ። ተውኩት። ማል ጎና።

በማግሥቱ አዲሱን ክፍል ላብራቶሪ አስገባሁ። ቬርኒየሩን ለፊተኛው ተማሪ ሰጠሁት። ምንም ሳላስረዳው እስክሪብቶውን በመንጋጋው ያዘበት፣ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ዓይኑን ጠበብ አደረገና አነበበው። ልክ ነበር። ለሁለተኛዋ አቀበላት፣ እሷም አነበበች። ደወሉ ሳይደወል ክፍሉ በሙሉ አንብቦት ጨረሰ። ጎበዞች አልኳቸው። ዕቃውን አንድ ልጅ መደርደሪያው ላይ እንዲመልስልኝ አደረግኩ።

አመሻሽ ላይ ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩ። ልጄ ሲዘረጋ የዋለውን ጨርቅ እያጠፈች ነበር።

«ዛሬ አስገባሃቸው?»

«አስገባኋቸው።»

«ቬርኒየሩን በእጃቸው ያዙት?»

«አዎ።»

ጨርቁን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆመች። «ገባቸው?»

እውነቱን ልነግራት ነበር። ፊቷን ሳይ አልቻልኩም። «አይ፣ ተቸገሩ» አልኳት። «ከባድ ነው አሉ።»

«ወይኔ፣ ያሳዝናሉ» አለች ከልቧ። «ግን አትቆጣቸው፣ እሺ አባዬ? መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርገህ ሳልላቸው፣ ለእኛ እንደሳልክልን። ቀስ እያለ ይገባቸዋል።»

እሺ አልኳት። የጨርቁን ሌላ ጫፍ ያዝኩላትና አብረን አጠፍነው።